የአቤኒ በር መቀርቀሪያ

እኔ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ስብሰባ ላይ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ስብከት ሲረዝም ወጣ ገባ እላለሁ። እናቴ ያሳደገችኝ “ይሄን ልጅ ምን ነካው?” እያለች ነው። ይህን ታሪክ ግን አደብ ገዝቼ ልነግራችሁ ወስኛለሁ፤ ምክንያቱም ለእኔ ችኮላ ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ስሜ መልከጼዴቅ ነው። ጁባ ስኖር ይኸው ስምንት ዓመቴ። ቀን ቀን በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ እዚህ ባለው ሀበሻ ቤት ኢንተርኔት ሲበላሽ የሚደወለው ለእኔ ነው። በዚህ ከተማ “ማፊ ሙሽኪላ” የማይል ሰው የለም፤ ችግር የለም ማለት ነው። ባለ ሞተሩ መንገድ ስቶ ሲያዞራችሁ ማፊ ሙሽኪላ ይላል፤ ካስተም ገበያ ላይ ዕቃችሁን ጥሎ የሰበረውም ማፊ ሙሽኪላ ይላል። እኔም ቃሏ ከአፌ አትጠፋም ነበር።

ጋሽ ተሾመ ካስተም ሴራሚክና ቀለም የሚሸጥ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ባለቤቱ እኅት የምስራች የቤት ለቤት ኅብረታችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኗ ውስጥ ታስተናግዳለች። ልጃቸው ሀኒ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አዲስ አበባ ካለ አስተማሪ ሒሳብና ፊዚክስ በቪዲዮ ትማራለች። ግቢው ከፊት ቪላ፣ ከኋላ አንዲት ክፍል ሰርቪስ አለው። ቪላው ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሰማዩን ስለሸፈነው የኢንተርኔቱን ዲሽ የሰቀልኩት ሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ነጭ ሳጥን ሰርቪሱ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው ቪላው ሳሎን ገባ። እነዚህ ሜሽ የሚባሉት ሳጥኖች እየተቀባበሉ ዋይፋይ የሚያዳርሱ ናቸው። በመካከላቸው ርቀትና ወፍራም ግድግዳ ስላለ በአየር አይደራረሱም፤ በኬብል አያያዝኳቸው። ይህ ከዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ሰርቪሱ የሴራሚክ መጋዘን ነበር።

ከሦስት ወር በፊት ሰርቪሱን አቤኒ ተከራየችው። አቤኒ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ግን ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ጁባ ታውን አንድ ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ መድኃኒት ትሸጣለች። እዚህ አካባቢ ያላት ዘመድ ከከተማው ራቅ ብሎ ረጃፍ የሚኖረው አጎቷ ብቻ ነው። ከረጃፍ እየተመላለሱ ሥራ መግባት አይቻልም ማለት ይቀላል።

እሷ በገባች በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ።

“መልኬ፣ ኢንተርኔቱ ሞቶብናል” አለኝ ጋሽ ተሾመ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። አቤኒ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ አጎቷን ልትጠይቅ ሄዳለች፤ እኅት የምስራች በትርፍ ቁልፍ ጓጉንቸሩን ከፈተችልኝ። የሳጥኑ መብራት ሁሉ በርቷል፤ ኢንተርኔቱም በደንብ ይሠራል። አጥፍቼ አበራሁት፤ ምንም የለውም። “ማፊ ሙሽኪላ” ብዬ ሄድኩ። ሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ሞተ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ የኬብሉን ጫፎች በመፈተሻ አየሁ፤ ስምንቱም ሽቦ ደህና ነው። ቴክኒሻን ሲመጣ የሚሠራ፣ ሲሄድ የሚሞት ዕቃ ምን ያህል እንደሚያናድድ ሥራው ያለበት ያውቀዋል። ሌላ ሁለት ቤት ይጠብቀኝ ነበር፤ ቆሜም ልቤ ሄዷል።

እኅት የምስራች በር ላይ አገኘችኝ።

“ወንድሜ፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም” አለች። “ግን አስተውዬዋለሁ። ልጅቷ ስትገባ ይጠፋል፤ ስትወጣ ይመጣል። እሷ ሳትመጣ በፊት አንድ ቀን ጠፍቶብን አያውቅም። ሳጥኑ ያለው ደግሞ እሷ ጋ ነው። በዚህ ሙቀት የብረት በር ዘግታ ምን ትሠራለች? የልጄን ትምህርት ሆን ብላ ነው የምታቋርጠው።”

ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “ከዕቃው በኩል ማፊ ሙሽኪላ። እንግዲህ ከሰው ካልሆነ በቀር።”

ከሰው ነው ያልኩት መርምሬ አይደለም። ለመሄድ ስለቸኮልኩ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ኅብረት ላይ እኅት የምስራች “የጸሎት ርዕስ አለኝ” ብላ ተነሣች። ያስጠጓት ልጅ በሀኒ ትምህርት ላይ እንደተነሣች፣ ባለሙያ አይቶ ዕቃው ደህና መሆኑን እንዳረጋገጠ፣ ጌታ የልጅቷን ልብ እንዲነካ እንድንጸልይ ነገረችን። ስም አልጠራችም፤ ማን እንደሆነች ግን ያልገባው አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰው አሜን አለ። ባለሙያው እኔም አሜን አልኩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አቤኒን ይስሟት የነበሩት እህቶች በጣታቸው ጫፍ ሰላም ሲሏት አየሁ። ልጅቷም ለምን እንደሆነ ስላልገባት አንዷን ከአንዷ እያየች ቆመች።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ተሾመ ደወለ። “እስከ ቅዳሜ ክፍሉን ልቀቂ ብለናታል። አንተ ረቡዕ መጥተህ ሳጥኑን አውጣልን፤ አኩርፋ እንዳትሰብረው።”

ረቡዕ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ደረስኩ። አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ሀኒ ትምህርቷን ጀምራለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ችግሩ በሚከሰትበት ሰዓት እዚያ ተገኝቼ አላውቅም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

አቤኒ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ጥግ ላይ ግማሽ የተሞላ የልብስ ሻንጣ አለ።

“ሊወስዱት ነው?” አለችኝ።

“ታዝዤ ነው።”

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እርስዎ ባለሙያ ነዎት። እኔ እንዳጠፋሁት ምን አይተው ነው ያወቁት?”

“አንቺ አጠፋሽው አላልኩም።”

“ከሰው ነው ብለዋል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለሁት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።”

አፈርኩ። መጀመሪያ ሲደወልልኝ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት። “እስቲ ከሥራ ስትገቢ የምታደርጊውን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።”

“ምን አደርጋለሁ? ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እግሬን እታጠባለሁ፣ በሩን ቀርቅሬ አንድ ሰዓት እተኛለሁ። ሳጥንዎን ነክቼው አላውቅም።”

“በዚህ ሙቀት በሩን ለምን ትቀረቅሪዋለሽ?”

“የውኃ ታንከሩን አላዩትም? የሚቀዳው ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው። ሴት ልጅ በሯን ከፍታ ትተኛለች?”

መልሱ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ወደ ደጅ ወጣሁና “እስቲ እንደ ሁልጊዜው ቀርቅሪው” አልኳት። በሩ ከማጠፊያው ትንሽ ወርዷል። ከውጭ በጓጉንቸር ሲቆለፍ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ከውስጥ ግን መቀርቀሪያው ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው በትከሻ ሲገፉት ብቻ ነው። ገፋችው። ጓ አለ።

ወዲያው ከቪላው መስኮት የሀኒ ድምፅ መጣ። “ማሚ፣ ደግሞ ጠፋ።”

“ክፈቺው” አልኩ። ተከፈተ።

“መጣ” አለች ሀኒ።

ሦስት ጊዜ አስደጋገምኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠፍቶ መጣ። በሦስተኛው እኅት የምስራች በረንዳው ላይ ወጥታ ቆማ ታየን ነበር።

ተንበርክኬ አየሁ። ኬብሉ ከክፍሉ የሚወጣው በበሩና በመቃኑ መካከል፣ በታችኛው ጥግ በኩል ነው። እዚያ ላይ ተጨፍልቋል። በሩ ሲላላ ሽቦዎቹ ይገናኛሉ፤ በሩ ሲጠብቅ የተወሰኑት ይለያያሉ። ጨርሶ ባለመበጠሱ የሳሎኑ ሳጥን እንደተያያዘ ይቆጥራል፤ መብራቱም አይጠፋም፤ ነገር ግን የሚያልፍ ነገር የለም። እኔ የመጣሁባቸው ቀናት ሁሉ በሩ ወይ ክፍት ነበር፣ ወይ ከውጭ የተቆለፈ ነበር።

ኬብሉን በዚያ በኩል ያሳለፈውስ ማን ነው? እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት ግድግዳ መብሻ ድሪሌን ቢሮ ረስቼ መጥቼ “ለጊዜው በበሩ በኩል ይለፍ፣ ማፊ ሙሽኪላ” ብዬ ነበር።

እኅት የምስራች ደረሰች። ሁሉንም ነገርኳት። ከእኔ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አቤኒ አየች።

“ታዲያ ለምን ቀድማ አልነገረችንም?” አለች።

“ምኑን ልንገር እትዬ?” አለች አቤኒ። “እኔ ስተኛ እናንተ ቤት እንደሚጠፋ በምን አውቃለሁ? ጠፋብን ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔ የሰማሁት ውጪ የሚለውን ነው።”

ጋሽ ተሾመ ከካስተም ተጠርቶ መጣ። ኬብሉን በጣቱ ዳሰሰ፤ በሩን ከፍቶ ዘጋ።

“ይሄን በር ላስተካክልልሽ ቃል ገብቼ ነበር” አላት። “በር የሚሠራው ሰው ጎረቤቴ ነው፤ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። የትም አትሄጂም።”

“ይቅርታውን ተቀብያለሁ ጋሼ” አለች። “መቆየቱን ግን እንጃ። በኅብረት ጸልያችሁልኛል አሉ። ያ ሁሉ ሰው እኔን በምን ዓይን እንደሚያየኝ እያወቅሁ እዚህ እንዴት ልኑር? የተባለው እዚያ ነው፤ የሚታረመውም እዚያው ነው። አለዚያ ረጃፍ እሄዳለሁ።”

እኅት የምስራች ፊቷን አዞረች። “በአሥራ ሁለት ሰው ፊት ተነሥተን ምን ልንል ነው? መዋረድ አይሆንም?”

“እሷን ስናነሣት አላፈርንም” አለ ጋሽ ተሾመ።

ሐሙስ ድሪሌን ሳልረሳ መጣሁ። ከበሩ ርቄ ግድግዳውን በሳሁ፤ አዲስ ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌ ዘረጋሁ። በሩ ክፍት ሆኖ ሞከርኩት፤ አቤኒ ከውስጥ ቀርቅራው ሞከርኩት፤ ከውጭ ተቆልፎም ሞከርኩት። ጨርሼም ለመሄድ አልቸኮልኩም። የበሩን ማጠፊያ የሚሠራው ሰውም ሲመጣ አብሬው ቆየሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሞላ። አቤኒ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሻንጣዋ ተዘግቶ እግሯ ሥር ነው። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሣሁ። ምስክርነት ሲባል ሰው የተደረገለትን መልካም ነገር ነው የሚናገረው፤ እኔ ግን የተነሣሁት የሠራሁትን ክፉ ነገር ልናገር ነበር።

“ባለሙያ አረጋገጠ ተብሎ የጸለያችሁበት ነገር ውሸት ነበር” አልኩ። “ባለሙያው እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አላገኘሁትም ማለት ሲገባኝ ችግር የለም አልኩ። አላውቅም ማለት ከብዶኝ ጥፋቱን ከሰው ላይ ጣልኩት። አቤኒን አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።”

ማንም አሜን አላለም። ከዚያ እኅት የምስራች ተነሣች፤ እኔ አልጠበቅኩም ነበር። “የጸሎት ርዕስ ብዬ ያቀረብኩት ሐሜት ነበር” አለች። “አቤኒ፣ ይቅር በይኝ።” ተቀምጣ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው በሙያዬ ለመራቀቅ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ጣታችሁን የምትቀስሩበትን ሰው መጀመሪያ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። ችግሩ በሚከሰትበት ሰዓት፣ በሚከሰትበት ሁኔታ ተገኝታችሁ እዩት። ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ “አላገኘሁትም” ማለትን ተለማመዱ፤ የእናንተ አንድ ቃል ሌላውን ሰው ከቤት ታስወጣለች። በጸሎት ርዕስ የምታነሡትም ሰው የሚጠበቅ ስም አለው፤ እዚያ የተበላሸ ስም የሚታረመው እዚያው በአደባባይ ነው።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን አቤኒ ሻንጣዋን አነሣች። ሁላችንም በመስኮት አየናት። ወደ ግቢው በር አቅጣጫ ጥቂት ሄደች፣ ማንጎው ሥር ቆም አለች፣ ከዚያ ዞራ ወደ ሰርቪሱ ገባች። ትንሽ ቆይቶ መቀርቀሪያው ጓ ሲል ተሰማ።

ሀኒ ስልኳን አውጥታ ኢንተርኔቱን አየች።

“አለ” አለች።