ገማቹ ያልጠራው ስም

ገማቹ በፊልም ማያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከሶፋው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። በየዓመቱ ለታላቁ የፊልም ሽልማት ማን ማን ዕጩ እንደሚሆን አስቀድሞ በመናገር የሚተዳደር ሰው ነበር። ይህም ሙያ ተብሎ ይከበራል! ክፋቱ ግምቱ ግምት ሆኖ አለመቅረቱ ነው። መራጮች ተብዬዎቹ ሰነፎች ናቸውና እሱ ስሙን የጠራውን ተዋናይ ፊልም ያያሉ፤ ያልጠራውን ዞር ብለው አያዩትም። ስለዚህ ስንት አንጋፋ ተዋናይ በአንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። መርፌ ያሏት ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ ከገባችበት ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው።

«አስም ነው የገደለው» አላት። «ከሸሚዝ ኪሱ የማይለየው፣ በአፉ የሚስበው መድኃኒት ግን የለም።»

መርፌ ክፍሉን በዓይኗ አሰሰች። ትልቁ ስክሪን እንደበራ ነው፤ ፊልሙ አልቆ ቆሟል፤ ድምፁ ተዘግቷል። ወንበር ስባ ወጣችና ጣሪያ ሊነካ የደረሰውን መደርደሪያ አናት በእጇ ዳበሰች። መድኃኒቱ እዚያ ነበር። ሟቹ አጭርና ወፍራም ነው፤ እንኳን ታሞ፣ ደኅና ሆኖም አይደርስበትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አጋር፣ ሁሉም «ጉርዱ» የሚለውን ሰው ነበር።

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ! ባንጣላ ማን ያየን ነበር?» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን እዚያ መደርደሪያ ላይ እኔ ልደርስ? እመቤቴ፣ እኔ እኮ የበር ደወል የምደውለው ዘልዬ ነው።»

«የፊልሙን ድምፅ ማን ዘጋው?»

«ራሱ ነዋ። አዲስ ፊልም መጀመሪያ የሚያየው ድምፁን ዘግቶ ነው። ‹ሙዚቃ ይሸነግላል፣ ፊት ግን አይዋሽም› ይል ነበር። በሩን ቆልፎ ስለሚያይ ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ተመልካች ቢሰማ ጉድ ይፈላ ነበር!»

ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል የተተኮሰና ያልተተኮሰ ልብስ መሀል ተቀምጣለች።

«ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«የጋሼን ድምፅ፤ የባሌን ታላቅ ወንድም። የትናንቱ ፊልም እሱ የሠራበት ነው፤ ስለተካካዱ ወንድማማቾች ነው ይላሉ። ‹አንድ ጊዜ ስሜ ከአፍህ ቢወጣ ምን ይጎድልብሃል? ለማን ብዬ ነው የኖርኩት?› እያለ ይለምናል። ሥራዬን ትቼ አለቀስኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሲተውን እንዲህ አንጀት የሚበላ ነገር ወጥቶት አያውቅም። ዘንድሮስ ዕጩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ደስ አለኝ።»

መርፌ ታላቅ ወንድምየውን አስጠራች።

ታላቅየው በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፤ ረጅም ሽማግሌ ነው።

«ታናሽዎ ስምዎን ጠርቶት አያውቅም?»

«አንድም ቀን። ለወንድሙ አደላ እንዳይባል ነው ይሉኛል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ለዕጩነት አይደርስም ብሎ ካመነ አይደርስም ነው። እናቱ ብትሆንም አይምራትም።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

መርፌ ፊልሙን ድምፁን ከፍታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። በማግስቱ ጠዋት፣ የዕጩዎቹ ስም ሊነገር ትንሽ ሲቀረው፣ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መድኃኒቱን እዚያ አናት ላይ ያለ ወንበር የሚያስቀምጥ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች። «ይህ ግን ብቻውን አይበቃኝም። ፊልሙ ከትናንት ወዲያ የታየው ድምፁ ተዘግቶ ነው። ታዲያ እህቴ በግድግዳው በኩል የሰማችው ምንድን ነው? ፊልሙን አየሁት፤ እንዲህ ያለ ልመና የለበትም። የሰማችው ሲተውኑ አይደለም፣ ጋሼ። የሰማችው እርስዎን ነው።»

ሚስትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እውነት መሆኑን ባውቅ... በሩን አላስከፍትም ነበር?»

ሽማግሌው አልካደም። ወንድሙ ከሥሩ በወደቀበት ሶፋ ላይ ተቀመጠ።

«እንዲያዳምጠኝ ብዬ ከኪሱ ነጠቅኩት። ‹ስሜን ጥራና ውሰድ› አልኩት። ‹አይደርስም፣ አልዋሽህም› አለኝ። መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጥኩት። ደረቱን ይዞ ወደቀ። ልጆች ሳለን እንዲህ ያደርግ ነበር፤ የሞተ መስሎ እናታችንን እየጠራ ያስገርፈኝ ነበር። ‹ደግሞ ጀመረህ? ትወናማ አትችልበትም!› ብዬው በገባሁበት በጓሮ በር ወጣሁ።»

ዕድሜውን በማስመሰል የጨረሰ ሰው የወንድሙን ጣር ማስመሰል ነው አለ! ሰውን እዚህ የሚያደርስ ሽልማት ወርቁ ይቅለጥ፤ መድረኩ ይፍረስ።

«ስሞቹን ልስማና ውሰዱኝ» ሲል ለመነ።

ጉርዱ መርፌን አየ። በእሺታ ራሷን ስትነቀንቅ ስክሪኑን ከፈተው። አንዲት አምራ የለበሰች ሴት ፈገግ ብላ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። ጭብጨባ ሆነ። የሽማግሌው ስም የለም።

«አልዋሸኝም» አለ ሽማግሌው፤ ከዚያ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

ሚስትየው አጠገቡ ደርሳ ቆመች። ትመታዋለች ብለው ጉርዱና መርፌ እኩል ተነሡ።

«ቢጠሩህስ ኖሮ፣ ጋሼ» አለች፣ «መጀመሪያ ሮጠህ ለማን ልትነግር ነበር?»

ቀና ብሎ አያት።

«ለእሱ።»