የትነበርሽ ፍሪዘር ያጠበች ዕለት

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ፈጠራ ነው የሚለኝን ሰው አልጣላውም። ቁስቋም ድረስ ይምጣና ያን ቤት ከውጭ ብቻ ይየው... ከዚያ በኋላ ስለ ፈጠራ እናወራለን።

ደግሞ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ጅብ አልጮኸም፤ መብራትም አልጠፋም። የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች... ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው የሆነው።

የትነበርሽ የወንድሜ የሰውአገኝ ሚስት ናት። የነገረችኝም ራሷ ናት። እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም።

የትነበርሽን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ጽዳት ላይ ቀልድ አታውቅም። ሰፈሩ «ሳሙናውንም አጥባ ነው የምታጥብበት» እያለ ያማታል። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን እጇ ከውኃ አይወጣም። ልጇ ውዴ አምስት ዓመቷ ነው። «እማ» ብላ ስትሮጥ ስትመጣ ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ «ቆይ፣ እጄ እርጥብ ነው» የሚል ነው።

ቅበላ አልፎ ጾም ሲገባ ፍስክ የነካውን ዕቃ ማጠብ የሁሉም ቤት ወግ ነው። ሌላው ሰው ድስትና ጭልፋውን አጥቦ ይገላገላል። የትነበርሽ ግን ፍሪዘርም አለባት።

ፍሪዘሩ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ረጅም ነጭ ሣጥን ነው። ሰውአገኝ አይሱዙ ይነዳል፤ ደባርቅ ላይ ቤት ከሚለቁ ሰዎች ገዝቶ ጭኖ አመጣው። የክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ አርጅቶ በአንድ በኩል ተልጧል። ከውጭ ደግሞ የብረት መቀርቀሪያ አለው። የድሮዎቹ ባለቤቶች ናቸው ያሠሩት። ሰውአገኝ፣ ላስቲኩ አልገጥም ሲላቸው ክዳኑን ጨምቆ እንዲይዝላቸው ነው ብሎ አሰበ። መቼም ሥጋ ተነሥቶ አይሄድ።

የግቢው ሰው ለቅበላ የተካፈለውን ቅርጫ ሁሉ በአደራ ያስቀመጠው እዚያ ነበር። እሑድ ማታ ሁሉም የየራሱን አውጥቶ በልቶ ጨረሰ። የትነበርሽም ባዶውን ፍሪዘር ከሶኬት ነቀለችው፤ ክዳኑን ከፍታ፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፋ፣ በረዶው እንዲቀልጥ ተወችው። በረዶ በቢላ አይነካም። ቧንቧው ከተበሳ ጋዙ ይወጣና ዕቃው አበቃለት። ይህን ፍሪጅ ሠሪው ደጋግሞ ነግሯታል።

በማግሥቱ ሰኞ የግቢው ሰው በሙሉ ለቀብር ወጣ። እኔም እዚያው ቆሜ ከንፈሬን እመጥ ነበር። ሰውአገኝ መካነ ብርሃን ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል። በግቢው የቀሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

ውዴ ደጃፉ ላይ ትጫወታለች። እናቷ ወደ ጓዳ ገባች።

በረዶው አልቀለጠም...

ከትናንት ማታ ጀምሮ ተነቅሎ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በዚያ በየካቲት ሙቀት... አንድ ጠብታ እንኳ ጨርቁ ላይ አልወረደም።

የትነበርሽ ውኃ አፈላችና በድስት ሞልታ ውስጡ አስቀመጠች። እንዲህ ሲደረግ እንፋሎቱ በረዶውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ሳሎኑን ወልውላ ተመለሰች። የግድግዳው በረዶ እውነትም ረግፏል። እሱን ጠራርጋ አውጥታ ድስቱን ልታነሣ እጇን ሰደደች።

ውኃው ላይ ስስ በረዶ ሠርቷል።

«ምነው?» አለች ለራሷ።

ከዚያ ሰማችው።

ርርር... ርርር...

የሞተሩ ድምፅ ነው። ጎንበስ ብላ ገመዱን አየች። ስፒናው ከግድግዳው ርቆ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ልጁን ታቅፎ ይወጣ ነበር። የትነበርሽ ግን ፍርሃትንም የምታየው እንደ እድፍ ነው፤ ፈግፍጋ ልታስለቅቀው ትሞክራለች። ድስቱን አውጥታ ሥራዋን ቀጠለች።

አሁን የቀረው ከታች ወለሉ ላይ የተጋገረው በረዶ ነው። አንገቷን አስግጋ አየችው። መሀሉ ጎድጉዷል... ላም ተኝታበት የተነሣች ሣር ይመስላል።

እዚህ ጉልበት...

እዚህ ክርን...

እዚህ ትከሻ...

አንድ ሰው በጎኑ ተጠቅልሎ የተኛበት ነው የሚመስለው።

የሥጋው ፌስታል የተቀመጠበት ነው ብላ ራሷን አሳመነች። በእንጨት ማንኪያ ልትፈነቅለው ሞከረች፤ እጇ አልደረሰም። በርጩማ አምጥታ ቆመችበት፤ አሁንም ትንሽ ቀራት። ሆዷን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ተንጠራራች፤ ማንኪያው በረዶውን ጫር አድርጎት ተመለሰ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ቀሚሷን ሰበሰበችና አንድ እግሯን አስገባች... ከዚያ ሌላውን።

ተይ የሚላት ሰው በግቢው አልነበረም።

ተንበርክካ በረዶውን መምታት እንደጀመረች ብርሃኑ ጠፋ።

ክዳኑ ጀርባዋን ተጭኖ አጎነበሳት። ከዚያ የብረት ድምፅ...

ቀጭ።

መጀመሪያ ተቆጣች። «ውዴ፣ በዚህ አይቀለድም። ክፈች» አለች። በጀርባዋ ገፋች፤ በእግሯ ረገጠች። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። በጎኗ እጥፍ ብላ ካልተኛች በቀር ቦታው አልበቃትም። ስትተኛ ደግሞ... ጉልበቷ፣ ክርኗ፣ ትከሻዋ... እያንዳንዱ ያ ጎድጓዳ ውስጥ ልክ ገጠመ። ለእሷ የተለካ ነበር።

ያን ጊዜ ጮኸች። የፍሪዘር ግድግዳ ወፍራም ነው። ጩኸቷ ዞሮ የራሷን ጆሮ መታው እንጂ የትም አልሄደም።

ያተረፋት የተላጠው ላስቲክ ነው። በዚያ ስንጥቅ ትንሽ አየርና እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ይገባል። ባሏን «ይህን ላስቲክ አስቀይር» እያለች ነፍስ አላስቀረችለትም ነበር። አሁን አፏን እዚያው ላይ ለጥፋ፣ ሳያስቀይር ስለቀረ አምላኳን አመሰገነች።

ትንፋሿ ሲመለስ ዓይኗን አስጠጋች።

አረንጓዴ ቀሚስ አለፈ።

የትነበርሽ የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ነው። አሁን ገላዋ ላይ ረጥቦ የተጣበቀው ቀሚስ። ያ ያለፈው ግን ደረቅ ነበር።

ስልኳ ጠራ። ስትገባ የጓዳው መስኮት ሥር ትታው ነበር። ጥቂት ጠራና... ተነሣ።

«ሃሎ... ሰውአገኝ... እንደምን ዋልክልኝ?»

የራሷ ድምፅ ነው።

የትነበርሽ እዚያ ታጥፋ፣ የራሷ ድምፅ ጓዳው ውስጥ ሲስቅ ሰማች። መንገዱ እስኪከፈት አትቸኩል አለችው ያች ድምፅ። እኛ ሸጋ ነን፣ ሐሳብ አይግባህ አለችው። የትነበርሽ ለባሏ እንዲህ ለስላሳ ሆና ከተናገረች ስንት ጊዜዋ። ወንድሜ በኋላ ሲነግረኝ፣ ያን ቀን ስልኩን የዘጋው ፊቱ እየበራ ነው። ሚስቴን ጾሙ ገና በመጀመሪያው ቀን አሳመራት ብሎ ከረዳቱ ጋር ሲቀልድ ዋለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። የሚፈለገው የጠፋ ሰው ነው። እሷ ግን አልጠፋችም... ቤቷ ውስጥ ናት፤ ስልክም አንሥታለች። እዚህ ተኝታ ብትቀር የሚፈልጋት የለም።

ኮቴ ሰማች። ትንንሽ እግሮች ወደ ጓዳው ገቡ።

«ውዴ...» አለች በስንጥቁ፣ በሹክሹክታ።

እግሮቹ ቆሙ።

«ውዴ... እኔ ነኝ። እማ ነኝ። በርጩማዋ ላይ ቁሚና መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ግፊው። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ቶሎ በይ።»

በርጩማው አልተንቀሳቀሰም።

«እማ አትክፈች ብላኛለች» አለች ልጅቱ፣ እሷም በሹክሹክታ።

«እማ እኔ ነኝ ልጄ።»

ውዴ ትንሽ አሰበች።

«አይደለሽም... የእማ እጅ ደረቅ ነው።»

ከሳሎን ያች ድምፅ ተጣራች። «ውዴ... ነይ የኔ ሸጋ። ጸጉርሽን ልሥራሽ።» እና ራሷን ማንም እንዲነካት የማትወደው ልጅ፣ ጸጉር ሊሠራ ነው ሲባል አልጋ ሥር የምትደበቀው ልጅ... ሮጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የትነበርሽ የሰማችው ጨዋታ ነው። ቀና በይ ትላለች ያች ድምፅ። አመመሽ? ትላለች። ስለ ሰፈር ድመት ታወራላታለች፤ ውዴም ትስቃለች። ጥድፊያ የለ፣ ቁጣ የለ። የትነበርሽ ልጇን እንዲያ ጭኗ መሀል አስቀምጣ ያጫወተችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች። አልመጣላትም። ጨለማው ያስፈራታል፣ ብርዱ አጥንቷ ገብቷል፤ ከሁሉ ያቃጠላት ግን ቅናት ነው። ልጄን እየወሰደችብኝ ነው ብላ አለቀሰች።

ሥሯ ያለው በረዶ ቀሚሷን መያዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጫፉን... ከዚያ ጎኗን... እንደ እጅ ቀስ ብሎ ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ። እጇን ወደ ፊቷ ልታነሣ ስትል ክርኗ ከጎድጓዳው ተጣብቋል። ስትታገል ክርኗ ተላጠ።

ድንገት ሞተሩ ቆመ።

ሳሎኑም ጸጥ አለ።

ደረቅ ኮቴ ወደ ጓዳው ገባ... ፍሪዘሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ተጋረደ። አንድ ሰው ከውጭ በኩል ጎንበስ ብሎ ወደ እሷ እያየ ነው። ትንፋሹ በስንጥቁ ገባ... ቀዝቃዛ ነው።

ቀጭ።

መቀርቀሪያው ተነሣ። የትነበርሽ ቀሚሷን ከበረዶው ቀድዳ ገፋች። ክዳኑ እንደ ሞሰብ ክዳን ቀልሎ ተከፈተ።

ጓዳው ውስጥ ማንም የለም።

ክዳኑን እንደተከፈተ ትታ በባዶ እግሯ እየተደናቀፈች ወደ ደጅ ሮጠች። ውዴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጣለች። የራሷ ግማሽ ተሠርቷል... ክር የመሰለ ቀጭን ሹሩባ፣ አንዱም ከመሥመሩ ያልወጣ። ሌላው ግማሽ እንደተንጨባረረ ነው።

ተንበርክካ አቀፈቻት። ውዴ አላቀፈቻትም። ባዕድ ሰው እንደያዛት ልጅ ደርቃ ቆመች፤ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ቤቱ አየች።

«እማስ?» አለች።

«ይኸው... እኔ ነኝ።»

ውዴ ራሷን ነቀነቀች።

«እማ ፀሐዩ በዛብኝ ብላ ገባች።»

የትነበርሽ ቀስ ብላ ዞረች። ከደጃፉ እስከ ጓዳው ድረስ ይታያል። ከፍታው የመጣችው ክዳን... ተዘግቷል።

ልጇን አንጠልጥላ መሸሽ ነበረባት። ሳስበው እኔም ያን አደርግ ነበር እላለሁ። ግን ክዳኑ ከዚያው ሆና እያየችው ቀስ ብሎ ከፍ ማለት ጀመረ... ልጅቱም ከእጇ አፈትልካ ወደ እሱ መሮጥ ጀመረች። የትነበርሽ ቀደመቻት። በሙሉ ክብደቷ ወደቀችበት፤ መቀርቀሪያውን መታ ዘጋችው፤ ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ከውስጥ ተንኳኳ። ደከም ያለ ማንኳኳት ነው።

ከዚያ በስንጥቁ በኩል...

«ውዴ... እኔ ነኝ። እማ ነኝ።»

ውዴ ጮኸች። የእናቷን ቀሚስ ጎተተች፣ እግሯን ነከሰች። አውጫት እያለች ጉልበቷን በትንንሽ ቡጢዋ ደበደበች። የትነበርሽ እኔ ነኝ እናትሽ እያለች ማለች፤ በቁስቋም ማለች፤ የወለደቻትን ቀን፣ የታመመችበትን ሌሊት ሁሉ ነገረቻት። ከሥሯ ያ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይለምናል። የራሷ ልመና ነው። አንድ አፍታ እንኳ ልከፍትላት ይሆን ብላ እጇ ወደ መቀርቀሪያው ሄዶ ነበር።

ከወረደች ይከፈታል። ካልወረደች ልጇን ይዛ መውጣት አትችልም። ስልኳ መስኮቱ ሥር ነው፤ እጅ አይደርስበትም። እዚያው ቀረች።

ውዴ ቆይታ ልቅሶዋን አቆመች። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። እናቷን ቀና ብላ አየቻት... ረጅም ጊዜ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ቤቷ ገብታ የተቀመጠችባት ይመስል።

ከዚያ ወደ ተላጠው ላስቲክ ሄደች። አፏን ስንጥቁ ላይ አስጠጋች። እናቷ እንዳትሰማት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማ... አይዞሽ... ስትተኛ እከፍትልሻለሁ።»