የእንቅልፍ እቁብ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲበረታ ሰው ቶሎ ይተኛል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ግን ይርጋለምን አያውቃትም።

ይርጋለም በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። መልኳ ግን እንደ ሌሊቷ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሠላሳ፣ አንዳንድ ቀን አርባ መስላ ትወጣለች። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀረ። የተወላት ወለተሐና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነች። ቆንጆ ነች፤ ዓይኗን ሰው ላይ አትጥልም። ስሟ ሲጠራ አትዞርም፤ የጭነት መኪና ገና ከጫጫ በኩል ብቅ ሲል ግን ከሰፈሩ ሁሉ በፊት ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሌሊት ተነስታ የአተር ፍሬ መሬት ላይ በሰልፍ ትደረድራለች። ሰልፉ የተበላሸ እንደሆነ የምታለቅሰው ለቅሶ ጎረቤቱን ሁሉ ያስነሳዋል።

ልጅቷ ምን እንደሆነች የነገራት የለም። ጠበል አስጠመቀቻት። ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ «ስታድግ ይተዋታል» ብለው መለሷት። ሰፈሩ ግን መልስ አላጣም፤ አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው ዛር ነው አለ፣ ሥራ የፈታው ደግሞ የእናቷ ኃጢአት ነው አለ። ይርጋለም ይህን ሁሉ እየሰማች ልጇን ለአሮጊት አክስቷ ትታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ቆማ ትውላለች። ማታ ደግሞ የልጇን ዘብ ትቆማለች።

አንድ የገበያ ቀን ወለተሐና መሐል ገበያ መሬት ላይ ተዘርራ ጮኸች። ሕዝቡ ከበባቸው። ያኔ ከአሊዩ አምባ ወጥተው ደብረ ብርሃን የከተሙት የበርበሬና የጥጥ ነጋዴ፣ እትዬ ኡሙሀኒ፣ ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ መጡ።

«ምን ታያላችሁ? ሲኒማ ነው? ሂዱ፣ በርበሬ ግዙ።»

ሰዉ ሲበተን አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ልጅቷን አልነኩም፤ እናትየዋን ብቻ አዩ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የተኛሽው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ይርጋለም መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን እንባ ነው።

እትዬ ኡሙሀኒ ዓብዱ የሚባል ልጅ አላቸው። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ሰው ሲበዛበት ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል። ስለዚህ ነገሩን ያውቁታል። በዚያው ወር እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኩተው ስድስት ቤት ሰበሰቡ።

«ብር ያለው የብር እቁብ ይጣል» አሉ። «እኛ ያጣነው እንቅልፍ ነው። እንግዲህ እንቅልፍ እንጣል።»

ሕጉ ቀላል ነው። ዓርብ ማታ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣለት ቤት ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ለተረኞች ያስረክብና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ሌላ ሥራ አይፈቀድም። ወለተ ጊዮርጊስ የምትባለው የቄስ ሚስት በዕጣዋ ቀን ጋቢ ስታጥብ ተይዛ የእቁቡ ዳኛ እትዬ ኡሙሀኒ የአንድ ዙር ዕጣ ቀጥተዋታል። «እንቅልፍ ሰጥተንሽ እጥበት ትበይበታለሽ?» ብለው።

የይርጋለም የመጀመሪያ ዕጣ በወጣ ማግሥት በሯ ተንኳኳ። የቆመው ሰው ፀጉሩም፣ ቅንድቡም፣ ጺሙም ነጭ ነው።

«ይግቡ አባቴ። ምነው በዚህ ዕድሜዎ እርስዎን ላኩብኝ?»

ሰውዬው ድምፁን አሰልሎ፣ «ምን ይደረግ ልጄ፣ ሌላ ሰው ጠፋ» አለ።

ዱካ አቀረበችለት። ብርዱ እንዳይጎዳው ውኃ አሙቃ አመጣችና አስታጠበችው። ፊቱን ሁለት ጊዜ እንዳሸው ሽምግልናው ወደ ሳፋው ወረደ፤ ከሥሩ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ብቅ አለ።

«ዘርአ ዳዊት እባላለሁ። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፤ ሌሊት ስፈጭ አድሬ ሳልታጠብ መጣሁ» አለ። «እግሬንም ታጥቢኛለሽ ወይስ ለሽማግሌ ብቻ ነው?»

«ውጣ ከቤቴ» አለችው። እያለችው ግን ሳቀች። ሳቋ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደ ቆየ በር ሲጥ አለባት።

እሱ ወደ ልጅቷ ዞረ። አልጠራትም፣ አልዳበሳትም። ከኪሱ የሽንብራ ፍሬ አወጣና በአተሩ ሰልፍ ጫፍ አንዲት አኖረ። ወለተሐና ቀና ብላ አላየችውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እጇን ፈቀቅ አድርጋ ለሚቀጥለው ፍሬ ቦታ ለቀቀችለት።

«ማን አስተማረህ?» አለችው ይርጋለም በሹክሹክታ።

«የኔው ልጅ ገብረ ሕይወት። እሱ ግን አይደረድርም፤ ቆርቆሮ ነው የሚመታ። ከነቃ እስኪተኛ። አንኮበር ያለው አባቴ መሪጌታ ነው፤ የከበሮ ዘር ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።»

«እናቱስ?» አላለችውም። የገብረ ሕይወት እናት እነዋሪ ወላጆቿ ዘንድ ገብታ ሌላ ባል እንዳገባች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ስሟን በክፉ አያነሳም፤ «ደከማት» ብቻ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ሁለቱ ልጆቻቸውን በየቤታቸው ለዘመድ ትተው፣ አብረው ተረኛ ሆነው ዕጣ የወጣለትን ቤት ልጅ እየያዙ፣ በአጥር ሥር ተቀምጠው ብዙም ሳይናገሩ ይውላሉ። ደክሞት ሲያዛጋ እሷም ታዛጋለች። ፍቅር በዓይን ይገባል የሚሉ አሉ፤ የእነዚህ ግን በማዛጋት ገባ።

ችግሩ የመጣው ዘርአ ዳዊት ዕጣ በወጣለት ዓርብ ነው። «ለይርጋለም ይሁን» አለ። በሚቀጥለው ዙርም ወጣለትና እንደገና «ለይርጋለም» አለ። በየትም እቁብ ዕጣውን ደጋግሞ የሚሰጥ ሰው ወይ አገር ሊለቅ ነው፣ ወይ እቁቡን። ይርጋለም ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ያን ሰሞን አባቱ መሪጌታው አንኮበር ላይ ከጤነኛ ቤት የተወለደች ልጅ አጭተውለታል የሚል ወሬም ሰምታለች። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ እሱ ከወፍጮው ለተራው እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ልጇን ለአክስቷ ሰጥታ፣ እንቅልፏን ትታ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ወፍጮው እያጓራ ነው። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

«ልትሄድ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ምን?»

«ልትሄድ ነው ወይ?»

«እህሉን እዚያ አስቀምጪው!»

«አንተ ከሄድክ እኔ ምን ይውጠኛል?» ብላ ባለ በሌለ ድምፅዋ ስትጮህ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። የመጨረሻው ቃል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ዞረ። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች።

ዘርአ ዳዊት ከዱቄቱ ውስጥ ቆሞ አያት።

«ወዴት ነው የምሄደው?»

«ዕጣህን ሰጠህ አይደል።»

«የሰጠሁሽ ዓይንሽ ሥር ስለጠቆረ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ቅዳሜ ብተኛ አንቺን አላይሽም። እንቅልፉ ምን ያደርግልኛል?»

«ልጄ፣ እኔ እንኳ ገባኝ» አለች አሮጊቷ። «አሁን ሞተሩን አስነሣው፤ ጤፌ እንዳይመሽበት።»

መዋደዱ እንግዲህ በወፍጮ ቤት ሰልፍ ፊት ታወጀ። መጋባቱ ነው አልሆን ያለው።

አንድ እሑድ ሁለቱን ልጆች በይርጋለም ቤት አገናኟቸው። ገብረ ሕይወት ገና ከመግባቱ ጣሳ አገኘና መታ። ወለተሐና ጆሮዋን ያዘች፣ ከዚያ ጮኸች፣ ከዚያ የገዛ እጇን እስኪደማ ነከሰች። ጣሳውን ሲቀሙት ደግሞ እሱ መሬት ላይ ወደቀ። ሌላ እሑድ ሞከሩ፤ ባሰ። ልጅቷ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም።

«በሁለት ቤት እንኑር» አለ ዘርአ ዳዊት። ወደ ቀበሌ ሄደው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ራሱን አከከ እንጂ።

«ጓዶች፣ ሕጉ ሕግ ነው። ባልና ሚስት ሁለት የቀበሌ ቤት አይዙም። ስትፈርሙ አንዱን ታስረክባላችሁ።»

መንገድ ላይ ሲመለሱ ነፋሱ ፊታቸውን ይገርፋቸው ነበር። ይርጋለም ቆመች።

«አንኮበር ያለችውን አግባ።»

«አንቺ ነሽ የምትድሪኝ?»

«ልጄን አሳብጄ አንተን ላግባ? ወይስ ልጅህን አንተ አስረህ እኔን ልታገባ? በል ንገረኝ።»

የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ቆየና ለቀቀው።

ዐቢይ ጾም እንዲሁ ሊያልቅ ደረሰ። ዓርብ ሲገናኙ እሱ ጣሪያ ያያል፣ እሷ መሬት ታያለች። ሁለቱም ከሱ። እሷ ፈትል ክፍል ቆማ አንቀላፍታ ጣቷን ማሽን ሊበላው ለትንሽ ተረፈ። የአንኮበሩ መሪጌታም ላኩበት፤ ከፋሲካ በኋላ ቁርጡን እንዲያሳውቅ፣ አለዚያ የልጅቷ ቤተሰብ ለሌላ ሊሰጧት ነው።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ እትዬ ኡሙሀኒ ዕጣውን ሳያወጡ ሳሕኑን በእጃቸው ከደኑት።

«እነዚህ ሁለቱ በቁማቸው ሊሞቱብን ነው። እቁባችን ሰው ሊያሳርፍ ነው የተቋቋመው ወይስ ሊቀብር?»

«ቀበሌው ነው የከለከለን እትዬ» አለች ይርጋለም።

«ቀበሌ የሚያውቀው ወረቀት ነው። ወረቀት አትፈርሙ። የወለተ ጊዮርጊስ ባል ቄስ አይደለም እንዴ? በሽማግሌ ፊት ይባርካችሁ። እሷ በቤቷ፣ አንተ በቤትህ። ልጆቹም በየጓዳቸው።»

«እንዲህ ያለ ጋብቻ ምን ይሉታል?» አለ ዘርአ ዳዊት። «መቼ ነው የምንገናኘው?»

«ዕጣችሁ አብሮ ይውጣ። የአንዳችሁ ሲወጣ የሁለታችሁም ይሁን። በዚያ ቀን ሁለቱንም ልጆች እኛ፣ በተለያየ ቤት እንይዛለን።»

ወለተ ጊዮርጊስ ይህን ጊዜ ተቆጣች። መንታ ልጆች ነው ያላት፤ ሁለቱም እንዲያ ናቸው።

«በአንድ ቅዳሜ ሁለት ልጅ? ወረፋችንስ? እኔ መቼ ልተኛ ነው እትዬ? እኔም እኮ ሰው ነኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ባሌን እንኳ የማየው ሲቀድስ ነው።»

ያለችው እውነት ነበር። ይርጋለም ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ተይው ወለቴ። እውነትሽን ነው። አይሆንም።»

ወለተ ጊዮርጊስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። የይርጋለምን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች፤ የጠቆረውን ዓይን፣ የተሰነጠቀውን ከንፈር። የራሷን ፊት በመስተዋት ያየች ያህል ነው መሰለኝ ፊቷን ያዞረችው።

«ያንቺ ቤት ባል የለውም፤ የኔ ቢያንስ ሲቀድስ ይሰማል» አለች በመጨረሻ። «ይሁን። ግን ልጅቷን እኔ ነኝ የምይዝ። ይኼ ዱቄታም ሽንብራ ይስጠኝ።»

ለአንኮበር ያልተላከው መልስ በማግሥቱ ተላከ። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ቄሱ በይርጋለም ቤት፣ በሽማግሌዎች ፊት ጸሎት አደረሱ። እልልታ አልነበረም፤ ልጅቷን ያስነሣታል ብለው ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው በዓይናቸው ብቻ እልል አሉ። ሙሽራው ከምርቃቱ በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰፈርተኛው እስኪጠግብ ሳቀበት።

ዕጣው የወጣው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወለተ ጊዮርጊስ ልጅቷን፣ እትዬ ኡሙሀኒ ልጁን ወሰዱ። ዘርአ ዳዊት ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ የነጣ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ይርጋለም ፀጉሯን ተሠርታለች። በሩ ተዘጋ።

አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቤቱ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሁለቱም ረስተውታል። እጇን ያዘ፤ መዳፏ በፈትል ሻክሯል፣ የእሱ በጆንያ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ስንት ወር ይዤው ከርሜያለሁ» አለ።

«ንገረኛ።»

«ያን ቀን እርስዎ ስትዪኝ... ውኃውን ስታፈሽልኝ... እኔ በልቤ...»

ጠበቀች። ራሱ ትከሻዋ ላይ ዘንበል አለ። አንድ እግሩ ላይ ጫማው እንዳለ ነው። ልትቀሰቅሰው አሰበች፤ እስክታስብ ድረስ ደግሞ የእሷም ዓይን ተከደነ።

በሩ ሲንኳኳ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ ልጅቷን ይዛ፣ ከኋላዋ እትዬ ኡሙሀኒና የሰፈሩ ሴቶች ሥራ እንዳላቸው መስለው ቆመዋል።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከንፈሯን እየነከሰች።

ይርጋለም ጉንጯ ላይ የትራሱ እጥፋት ታትሟል።

«ተኛን» አለች።

ሴቶቹ ተያዩና ፈነዱ።

«እውነቴን ነው፤ ተኛን።»

«እንዴታ» አለች አንዷ። «እኛስ ምን አልን?»

ዘርአ ዳዊት በአንድ ጫማ ወጣ። ሌላውን ወለተሐና እንደ ገባች ቀድማው ከአልጋው ሥር አውጥታ በአተሯ ሰልፍ መጨረሻ አኑራዋለች፤ ሊያነሣው አልደፈረም። እትዬ ኡሙሀኒ ከበሩ ራቅ አድርገው ያቆሙትን የገብረ ሕይወትን እጅ ያዘና በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ባዶ፣ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ከአጥሩ ጋ ዞር አለ።

«የጀመርኩት ወሬ ነበረኝ እኮ። አልጨረስኩትም።»

«በሚቀጥለው ዕጣ ትጨርሰዋለህ» አለች ይርጋለም፤ ድምፅዋም ፊቷም እንቅልፍ የጠገበ ሰው ይመስል ነበር።