በሩን ያልከፈተችው ሴት

«...እናም በዚያ ዶፍ ዝናብ ሮጣ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች!» አለችና ክፍሉ «አርቲስቷ» የሚላት ልጅ ዓይኗን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረገች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ብል ከኋላ ወንበር ሆና ከንፈሯን አጣመመች። ብል የሚሏት መጽሐፍ ስትበላ ስለምትውል ነው። የቤት ሥራው አንድ የታወቀ የድሮ ፊልም የተሠራበትን ልብ ወለድ አንብቦ በቃል ማቅረብ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም የቤት ሥራው ከተሰጠ ጀምሮ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይኸው ግን የክፍል ጓደኞቿ በተራ እየተነሱ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «መጽሐፉን ሳነብ» ይላሉ። አንዱማ የተዋናዩን ፂም ሳይቀር አድንቆ ተቀመጠ።

መጽሐፉ ውስጥ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ጥሏት የሄደው ባል ከዓመታት በኋላ መጥቶ ሲያንኳኳ ልብስ ሰፊዋ ሴት በመስኮት ታየዋለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትቀመጥና የጀመረችውን እጅጌ ትጨርሳለች። በቃ። ብል ያንን ገጽ ስታነብ ኩራት ተሰምቷት ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ግን እንዲህ ያለችውን ሴት ወስደው ጭቃ ለጭቃ የምትሮጥ አልቃሻ አደረጓት።

«ግሩም!» አሉ መምህሩ። «ዋናው ዝናቡ ነው። ዝናቡን ያልጠቀሰ መጽሐፉን አላነበበም ማለት ነው፤ ከእኔ ነጥብ እንዳይጠብቅ። ቀጣይ!»

የብል ሳቅ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ለካ እሳቸውም!

ቀጣይዋ እሷ ነበረች። አርቲስቷ ወደ ቦታዋ ስትመለስ እጇን ያዝ አደረገቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

«ዝናቡን እንዳትረሺ» አለቻት በሹክሹክታ።

«አላነበብሽውም እኮ።»

«ታዲያ ማን አነበበው? አታካብጂ! አንቺ ሌላ ነገር ካልሽ እኔ ዜሮ ነኝ። ያኔ ተጣላን፣ የምሬን ነው።»

«ላውስሽ ስልሽ ምን አልሽኝ?»

«ፊልሙ እያለ ማን ያን ሁሉ ገጽ ይገፋል!»

ብል አየቻት። ትወዳታለች። ዛሬ ግን ናቀቻት፤ ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ያማል።

ቦርሳዋን አንግታ ወደ ፊት ወጣች። ዝናብ የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር ነጥቡም ጓደኝነቱም የእሷ ነው። መምህሩ እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ። አርቲስቷ ከወንበሯ ሆና ጣቶቿን ከላይ ወደ ታች እያርገፈገፈች ዝናብ ታዘንብላታለች።

ብል ቦርሳዋን ከፈተችና መጽሐፉን አወጣች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ መምህሩ።

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ ወደ ጓደኛዋ ላለማየት ዓይኗን ከጽሑፉ ላይ አልነቀለችም።

«ዕለቱ ፀሐያማ ነበር» ብላ ማንበብ ጀመረች።