ሻምበል አልበላም አለ

«ብላ እንጂ! ምን ሁኚ ነው የምትለኝ?»

ማህደር የሽፈራው ቅጠሉን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። ሻምበል ጆሮዎቹን ጀርባው ላይ አስተኝቶ፣ እግሮቹን ሆዱ ሥር ሰብስቦ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። ጎመን ሰጠችው፤ እንቢ። የሙዝ ልጣጭ ሰጠችው፤ እንቢ። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ የሚሻማበትን የማንጎ ልጣጭ ስታቀርብለትማ ጭራሽ ፊቱን አዞረባት።

«አንተ ጥንቸል ነህ ወይስ አማች? ተለምነህ ነው እንዴ የምትበላው?» አለችው በንዴት።

ደግሞ እኮ የእሷ አይደለም። ሻምበል የብሩክታዊት ነው። ብሩክታዊት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረች፣ አሁንም ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ጨንቻ አያቷ ዘንድ ልትሄድ ሆነና ጥንቸሏን በካርቶን አድርጋ ሴቻ ሰፈር፣ እነማህደር ቤት ድረስ ይዛ መጣች። «ሻምበል» ብላ ስም ያወጣችለትም ግራና ቀኝ የተንጨፈረረውን ጢሙን አይታ ነው።

«ምንም አያስቸግርሽም፤ ያገኘውን ይበላል። አሁን ራሱ በልቶ ነው የመጣው፤ እግዜርን!» ብላ ማለች። ከዚያ ካርቶኑን በረንዳው ላይ አስቀምጣ፣ ጥንቸሉን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ እየሮጠች ወጣች። ማህደር መኪና እንዳያመልጣት ቸኩላ ነው ብላ አሰበች።

እንግዲህ እስከ ረፋድ ልትተኛበት ያቀደችው ዕረፍት እንዲህ ሆኖ ቀረ። ስትነሳ ጥንቸል፣ ስትበላ ጥንቸል፣ ስትተኛ ጥንቸል!

እናቷ ጽጌረዳ መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ቆመች። «ለማይበላ እንስሳ ይህን ያህል መልፋት! በግ ቢሆን እሺ፣ ለፋሲካ እናርደዋለን ይባላል።»

ሰሌን ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡት አባቷ መምህር ተክለጻድቅ ቀና አሉ። አማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ቀልዳቸውም ከክፍል አይወጣም። «ልብ በሉ እንግዲህ፤ ‹አይበላም› ሲላላ እሱ ምግብ አይበላም ነው። ሲጠብቅ ደግሞ እሱን ሰው አይበላውም። ሻምበል ሲላላም ሲጠብቅም አይበላም! ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት አመጣለሁ?»

«አባዬ፣ ይሞታል እኮ!»

ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። አባቷ ጋዜጣውን አጠፉ።

እውነቷን ነበር። ከመጣ ጀምሮ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት በጠጥ አልጣለም። የየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ደግሞ ሻምበል ጎኑ በፍጥነት እየተነፋፋ ጥርሱን ያፋጭ ጀመር። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ግን ማህደርን አላስቀምጥ አላት። ቢሞትስ? ብሩክታዊት «ደህና ጥንቸሌን ሰጥቻት ገደለችብኝ» ብትል ማን ምን ብሎ ይከራከርላታል?

በእናቷ ስልክ ደወለችላት።

«ብሩክቲ፣ ሻምበል አልበላም አለ!»

«እ? ማነው? አይሰማም!»

«ሻምበል! ሲመጣ በልቶ ነው አላልሽኝም ነበር?»

«ኔትዎርክ የለም… አይሰማም ማህዲ…»

ተዘጋ። እንደገና ሞከረች፤ ጥሪ አይቀበልም። ማህደር ስልኩን አፍጥጣ አየችው። ያ የማይሰማ ስልክ ጨንቻ ውስጥ የጮኸውን ዶሮ ግን ጥርት አድርጎ አሰምቷት ነበር።

ሻምበልን በካርቶኑ ታቅፋ በባጃጅ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ እንስሳት ክሊኒክ ወረደች። ግቢው ውስጥ በሬ፣ ፍየልና አንድ የሚያነክስ አህያ ተራ ይጠብቃሉ። በሬውን በገመድ የያዙት ሰውዬ ካርቶኑን በጨረፍታ አዩና፣ «ይሄ ደግሞ ስንት ሊትር ይታለባል?» አሉ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ማህደር ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ልመለስ ይሆን አለች በልቧ። ካርቶኑ ውስጥ ያ የጥርስ ፍጭት ተሰማት። ቆየች።

ሐኪሟ ዶክተር ልክነሽ አልሳቀችም። የሻምበልን አፍ በጣቷ ከፈት አድርጋ በባትሪ አየች፤ ሆዱን ዳበሰች፤ ጆሮዋን ጎኑ ላይ አስጠግታ አዳመጠች።

«ጥርሱ ደህና ነው፤ ሆዱ ነው የቆመው። ጥንቸል ካልበላ አንጀቱ መሥራት ያቆማል፤ አንጀቱ ካቆመ ደግሞ አይበላም። ሙቀቱም ጎድቶታል። ምግብ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከትናንት ወዲያ ነው የመጣልኝ። ሲመጣ በልቶ ነበር።»

ዶክተር ልክነሽ የማህደርን እጅ ይዛ በሻምበል ጀርባ ላይ አስኬደችው። ከፀጉሩ ሥር አጥንቱ እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ይሄ የሁለት ቀን ክሳት አይደለም። ሳምንት ሳያልፈው አይቀርም። የሰጠሽ ሰው አልነገረሽም?»

ማህደር አጥንቱን እንደገና ዳበሰችው። ዞር ብላ እንኳ ሳታየው እየሮጠች የወጣችው ብሩክታዊት ታየቻት። ለካ መኪና አልነበረም ያስቸኮላት!

ሐኪሟ አንድ መርፌ ወጋችው፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ሰጠቻት። ቅጠል ወቅጣ ጭማቂውን በጥቂት በጥቂቱ ከጥርሱ ጎን እንድታጠጣው፣ ሆዱን በቀስታ እንድታሸው፣ ከሙቀት እንድታርቀው ነገረቻት። «ዳቦና ጣፋጭ ነገር በዞረበት እንዳይዞር። ይድናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ሞክሪ» አለቻት።

መሞከር ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሻምበል የመጀመሪያውን ጭማቂ ፊቷ ላይ ተፋው። ሁለተኛውን ቲሸርቷ ላይ አፈሰሰው። ሦስተኛውን ሊውጥ ነው ብላ ስትደሰት ክንዷን ቧጥጦ አልጋ ሥር ገባ። ማህደር በደረቷ ተኝታ እግሩን እየጎተተች፣ ለእሱም ለባለቤቱም የማይጻፍ ስድብ ሰደበች።

«በቃ ሙት! እኔ ምን አገባኝ?» አለችና አልጋው ላይ ተዘረጋች። ወዲያው ግን ተነሳች። ሲሪንጁን አጥባ እንደገና ሞላችው። ለምን እንደተነሳች ራሷም አላወቀችም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

እናቷ ጥንቸል መንካት ትጸየፋለች። ቢሆንም እያጉረመረመች አንድ ጆንያ ውኃ ውስጥ ነከረችና ካርቶኑን ከላይ አለበሰችው። «ለሱ ብዬ አይደለም፤ የአንቺን ጩኸት ላለመስማት ነው» አለች። አባቷም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሰርዶ ነቅለው በቦርሳቸው አመጡ። ስለ መጥበቅና ስለ መላላት ምንም አላሉም።

በማግስቱ ማለዳ ቤቱ በማህደር ጩኸት ተናወጠ።

«እማዬ! አባዬ! ኑ!»

እናቷ ነጠላዋን እየጎተተች፣ አባቷ መነጽራቸውን እየፈለጉ ደረሱ። ማህደር ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክካ በጣቷ ወደ ታች ታመለክታለች።

«በጠጥ! በጠጥ ጣለ!»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ትንንሽ፣ ጥቋቁር፣ ድርቅ ያሉ ነበሩ። «አሁን ይሄ እልል ያሰኛል?» አለች እናቷ፤ አፏን ግን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋም በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሻምበል አንገቱን ሰገግ አድርጎ አንዷን የሰርዶ ዘለላ ሳበና ቀረጠፋት። ከዚያ ሌላ። ማህደር መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ያን የአፉን ድምፅ አዳመጠች። እንቅልፍ ያጡት ዓይኖቿ ያቃጥሏታል። ከዚህ የሚጥም ድምፅ የሰማች አልመሰላትም።

ብሩክታዊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። የጨንቻ ፖም የሞላ ፌስታል ይዛለች። በሩን አልፋ አልገባችም፤ ማህደርን በምልክት ጠራቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«የት ቀበርሽው?»

ማህደር ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር። ስድቡም፣ ጥያቄውም፣ «ሁለተኛ ደጄ እንዳትመጪ»ም ነበረበት። ይህን ግን አላሰበችውም። እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ሻምበል ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሣር ይቀረጥፋል።

ብሩክታዊት ፌስታሉን ለቀቀችው። ፖሞቹ ተንከባለሉ።

«አለ እንዴ?»

«አለ። አንቺ እንዲሞት ነበር ያመጣሽው?»

«አይደለም… ማለቴ…» ብሩክታዊት ማልቀስ ጀመረች። «ብስኩት ስሰጠው ደስ እያለው ይበላ ነበር። ከዚያ ድንገት እሱንም ተወ። ሳምንት ሙሉ ምንም አልበላ አለ። ዓይኔ እያየ እንዲሞት አልፈለግሁም ማህዲ።»

«የእኔ ዓይን እንዲያይ ግን ፈለግሽ።»

«አንቺ ትችያለሽ ብዬ ነው። አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ።»

«አትሸውጂኝ ባክሽ!» ማህደር ጮኸች። «ማን ጠየቀኝ እችል እንደሆነ? እውነቱን ብትነግሪኝ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ እወስደው ነበር። ስደውልልሽ እንኳ አይሰማም አልሽኝ። ዶሮው እየተሰማኝ!»

ብሩክታዊት መሬት መሬት አየች። ሻምበል ሣሩን መብላቱን ቀጠለ።

ማህደር ካርቶኑን አሸክማ ልታሰናብታት ትችላለች። ያኔ ግን ብስኩቱ ይመለሳል። አልሰጥሽም ብላ ልታስቀረውም ትችላለች፤ ከሰሞኑ ኮቴዋን ሲሰማ ጆሮውን ማቆም ጀምሯል፤ ብሩክታዊትም የምትከራከርበት አፍ የላትም። ይህኛው ደስ አላት። ደስ ማለቱ ግን ትንሽ ቅር አሰኛት።

ገባ ብላ ሲሪንጁን ሞልታ መጣችና በብሩክታዊት መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ገና አልዳነም። በቀን በቀን ይሄ ይሰጠዋል። ያዢው።»

«እኔ? እጄ ይንቀጠቀጣል…»

«ይንቀጥቀጥ።»

ብሩክታዊት ተንበረከከች። የመጀመሪያውን ሻምበል አገጯ ላይ ተፋው። ማህደር አልሳቀችም፤ አላገዘቻትምም። በሁለተኛው ብቻ፣ «ከጥርሱ ጎን፤ ቀስ ብለሽ» አለቻት። ሻምበል ዋጠ።

«እስኪሻለው እዚሁ ይቆያል» አለች ማህደር። «አንቺ ጠዋት ጠዋት ትመጪያለሽ። ሣሩን የምታጭጂው አንቺ ነሽ።»

ብሩክታዊት አገጯን በእጅጌዋ ጠረገች። «ታርቀናል ማለት ነው?»

ማህደር የተበተኑትን ፖሞች አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ፌስታሉ መለሰች። ቀና አላለችም።

«ጤዛው ሳይደርቅ እንዳታጭጂ» አለቻት። «እርጥብ ሣር ሆዱን ይነፋዋል።»