የአያ ዘለቀ ፈረስ

ያን ቀን የሠራሁትን ቂልነት ልንገራችሁና ሳቁብኝ፤ ስልኬ ውስጥ ያለው የቼዝ ማሽን እንዲያሰላልኝ ብዬ የሰሌዳውን አቀማመጥ ስገለብጥ፣ የአያ ዘለቀን ጥቁር ፈረስ አንድ ካሬ አሳስቼ አስቀመጥኩት፤ መነጽሬ ከተሰበረ ወር አልፎት ነበር፣ በክር አስሬ ነው የከረምኩ። መንፈስ ምናምን የሚሉትን ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስስቅበት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የምፈራው ሚስቴን ብቻ ነው።

አያ ዘለቀ የሠላሳ ዓመት የቼዝ ባላንጣዬ ነው። ታሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲወስዱት ጨዋታችን መሐል ላይ ነበር፤ የእንጅባራ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝና «ተራው ያንተ ነው፣ አስበህ ተጫወት፣ ስመለስ መልሴን ታገኛለህ፤ ይህ ጨዋታ ሳያልቅ አልሞትም» አለኝ። ማሽን መጠየቅ በእሱ ሕግ ክልክል ነው። ሌላም ሕግ አለው፤ እጅ የለቀቀው አይመለስም። እኔ ግን የፈለግሁት ማሸነፍ አልነበረም፣ ጨዋታውን የሚያረዝም እርምጃ ነበር፤ ገብቷችኋል አይደል?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረዶው ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ የአያ ዘለቀን ቤት በር ከውስጥ ቆልፌ ሰሌዳው ፊት ተቀመጥኩ። ማሽኑ ሲያሰላ «እህም» የሚል ሰማሁ፤ አያ ዘለቀ ጥሩ እርምጃ ሲያገኝ በአፍንጫው የሚያሰማት ናት። በረዶው ነው አልኩ። ማሽኑ ወታደሩን ግፋው አለኝ፣ ገፋሁት፣ ለቀቅሁት፤ ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን በደንብ ያየሁት። ፈረሱ እኔ ስልኩ ላይ ካስቀመጥኩበት አልነበረም፤ ከቆመበት አንዴ ቢዘል ንጉሤ ማምለጫ የለውም፣ ጨዋታው አለቀ።

ማን አየኝ፣ ወታደሩን እመልሰዋለሁ ብዬ እጄን ስሰድ መስኮቱ ተበርግዶ በረዶው ገባ። ልዘጋው ተነሣሁ። ከኋላዬ «ቋ» አለ፣ እንጨት በእንጨት ላይ። ዞርኩ።

ፈረሱ ዘሏል።

ነፋስ ነው እንዳትሉኝ፤ ነፋስ ሌላውን ሁሉ ትቶ አንድ ፈረስ መርጦ፣ ያውም በሕጉ አያዘልልም።

ስልኬ ጮኸ። የአያ ዘለቀ ልጅ ጥሩዬ ናት፣ እያለቀሰች።

«ጋሼ… አባዬ አሁን አረፈ። ቀኑን ሙሉ ዓይኑን አልገለጠም ነበር፣ በመጨረሻ ድንገት ሳቀና ‹ሰውዬው ተሳስቶ ሰጠኝ› አለ። ምኑን ነው የሰጡት?»

«ቆይ ልጄ፣ ከአርባው በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ከአርባው ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ሰሌዳው እንዳለ ነው፣ አቧራ ለብሷል፤ ፈረሱ ላይ ግን አቧራ አይቀመጥም፣ ለምን አትበሉኝ። ጥሩዬ ባገኘችኝ ቁጥር ጉልበቴን ስማ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ያቺ መልስ እስካሁን አለችብኝ።