እኩሌታ ላይ የቆመው ዜማ

ቶርኪል ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ባግፓይፑ፣ ያ ባለ ከረጢት የትንፋሽ ዜማ መሣሪያው፣ አጠገቡ ተሰባብሮ ወድቋል። ኢንስፔክተር ኢሽቤል ማክራይ ዝናቡ እየወረደባት ጎንበስ ብላ አየችውና «አይ የሰው ነገር!» አለች። እሷም ባግፓይፕ ነፊ የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ እሁድ አልመሽ የሚላት ቀን ነው። ለዚህ ሥራ የጠራት ስልክ ሲጮህ ደስ ብሏት ስለነበር አሁን አፈረች።

በዚህ ማረፊያ በየእሁዱ ሦስት ነፊዎች ይሰበሰባሉ፤ ተመልካች የለ፣ አስተማሪ የለ፣ እንዲያው ለነፍሳቸው ይነፋሉ። አሁን የቀሩት ኡናና ፋርከር ናቸው።

«ከመንገዱ ላይ ሆኜ በዓይኔ አየሁት» አለ ፋርከር፣ ወንደላጤው ሽማግሌ። «እየነፋ ሲራመድ እርጥቡ ድንጋይ አንሸራተተው። ከነባግፓይፑ ተንከባለለ። ምን ላድርግ ልጄ?»

«ሲወድቅ እየነፋ ነበር?»

«እየነፋ ነዋ! እስከ መጨረሻው።»

ኡና ወጥ ቤት ውስጥ ከማረፊያው ባለቤት ከዱጋል ጋር ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሲነፋ ሰምተውታል?»

«እንዴት አልሰማ? ከዱጋል ጋር እዚሁ ሻይ ስንጠጣ፣ የሚወደውን የሐዘን ዜማ እኩሌታ ላይ አድርሶ ቀጥ አደረገው። ጭጭ! ዱጋል እንኳ ‹ምን ነካው?› አለኝ።»

«ከፋርከር ጋር ጠብ ነበራቸው?»

«ኧረ ምን ጠብ! ብቻ ዛሬ ቶርኪል ‹ልጄ ጋ አበርዲን ከተማ ልገባ ነው፣ የመጨረሻ እሁዴ ነው› ብሎ አረዳን። በኋላ ቶርኪል ሊነፋ ሲወጣ ፋርከር ተከትሎት ወጣ።»

ኢሽቤል ፋርከርን፣ ኡናንና ዱጋልን ነፊዎቹ ወደሚነፉበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባዶውን ወንበር ማንም ማየት አልፈለገም።

«ኡና፣ እስቲ ይንፉ። እጄን ሳነሣ ሁሉንም እርግፍ አድርገው ይልቀቁት።»

ኡና ነፋች፤ እጅ ሲነሣ ለቀቀችው። ከረጢቱ ግን የያዘው አየር እስኪያልቅ ዋይ እያለ አቃሰተ። ዱጋል ጆሮውን ያዘ።

«እየነፋ የወደቀ ሰው ባግፓይፑ እንዲህ ይጮኻል» አለች ኢሽቤል። «ቀጥ የሚለው ነፊው ራሱ ሲያቆመው ነው። ቶርኪል ዜማውን ያቆመው ሰው መጥቶ ስላናገረው ነው። ሲወድቅ አይነፋም ነበር። ኡናና ዱጋል ወጥ ቤት አብረው ነበሩ፤ ውጪ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ ፋርከር። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ዕድሜዎን ሙሉ የነፉ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ውሸት ይዋሻሉ?»

ፋርከር ኮፍያውን አወለቀ። «እየነፋ ሞተ እንዲባልለት ነው» አለ። «ለነፊ ከዚያ የበለጠ ክብር የለም። ሌላውን አላሰብኩትም። አትሂድ ብዬ እጅጌውን ያዝኩት። ‹ልቀቀኝ፣ አንተ ችኮ!› ብሎ መነጨቀኝ። ገፋሁት። ደረጃው ላይ የቀረውን ባግፓይፑን ኋላ ወደ ታች ወረወርኩት። እኔ ከእሁድ እስከ እሁድ ከሰው ጋር ቃል አልለዋወጥም እኮ፣ ልጄ። እሱ ከሄደ ማን አለኝ?»

«እኔስ?» ብላ ጮኸች ኡና። «እኔ የት ሄድኩ? ቤትህ እመጣልህ አልነበር ወይ፣ አንተ ሰውዬ!»

ፋርከር ግራ ገብቶት አያት። «አልጠየቅኩሽማ» አለ።

ኢሽቤል የፖሊስ መኪናዋን በር ከፈተችለት። ገብቶ ተቀመጠና ቀና ብሎ «እስር ቤቱ ውስጥ ሰው ይበዛል?» ብሎ ጠየቃት።

«ይበዛል» አለችው።

«ደግ» አለ።